ሳያስል፣ ሳይተኩስ የሳንባ ምች? ስለ 11 ቀን ጨቅላ ለተጠየቀ ጥያቄ የሕፃናት ሐኪም መልስ

ጥያቄው ከጎንደር፣ ከአዘዞ የመጣ ነው፤ የጻፈው አባት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጃችን ወንድ ነው፣ ዛሬ 11 ቀኑ። ቀኑን ሞልቶ፣ ጤና ጣቢያ፣ በሰላም ተወለደ። በ9ኛው ቀን ጡት መጥባት ቀነሰ፣ እንቅልፍ አበዛ። መጀመሪያ የወሰድነው ክሊኒክ ትኩሳት የለውም ብሎ መለሰን። በማግስቱ ትንፋሹ ሲፈጥንና እጅና እግሩ ሲቀዘቅዝ ሆስፒታል ወሰድነው። በኢንፌክሽን የመጣ የሳንባ ምች ነው ተብሎ ተኝቷል። ግን አላሳለም፣ አልተኮሰም። እንዴት ነው የሳንባ ምች የሚሆነው? ከየትስ ያዘው? የ4 ዓመት እህቱ ጉንፋን ይዟት ነበር። እናቴ ገላውን ሲታጠብ ብርድ መትቶት ነው ትላለች፤ ያጠበችው ባለቤቴ ስለሆነች ከዚያ ወዲህ ማልቀስ ነው ሥራዋ። ሰውነቱስ ለምን አልተከላከለም? ከጀርባው ውሃ እንውሰድ ብለውን እሺ አላልንም። ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው፤ እናዘግየው?»

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ሌላውን ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር ሂድና ለባለቤትህ ንገራት። ልጁን ያሳመመው ገላውን መታጠቡ አይደለም። እንዲህ ያለውን የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም።

እናትህም ቢሆኑ የተናገሩት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጨቅላ ሲበርደው ሙቀቱን ለመመለስ ብዙ ኦክስጅንና ብዙ ስኳር ያቃጥላል፤ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም። ስለዚህ ብርድ የታመመን ልጅ ያባብሳል። ጤነኛውን ልጅ ግን ብቻውን የሳንባ ምች አያስይዘውም። ያንተ ልጅ እጅና እግሩ የቀዘቀዘው ኢንፌክሽኑ ስለበረታበት ነው። ቅዝቃዜው ራሱ የበሽታው ምልክት ነበር።

ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። ሳል ካለ ሳንባ ታሟል፣ ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽን አለ፣ ሁለቱም ከሌሉ ደህና ነው ብለን ለምደናል። ከተወለደ 28 ቀን ባልሞላው ልጅ ላይ ይህ ልማድ አይሠራም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘገየውም እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ ብቻም አይደለም፣ አንዳንዴ ባለሙያውም ቴርሞሜትሩን አይቶ ያረጋጋል፤ እናንተን የገጠማችሁ ይኸው ነው። በደንብ ለማሳል የነቃ የአየር ቧንቧ ነርቭና ጠንካራ የደረት ጡንቻ ያስፈልጋል። በጨቅላ ሁለቱም ገና ናቸው። ስለዚህ ሳንባው ውስጥ ፈሳሽና መግል እየተጠራቀመ ልጁ ዝም ሊል ይችላል።

ትኩሳትም እንደዚያው ነው። ትኩሳትን የሚያነሳው ጀርሙ ራሱ ብቻ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ወደ አንጎል በሚልኩት ኬሚካላዊ መልእክት ነው የሚነሳው። የጨቅላ ሕዋሳት ይህን መልእክት በሙሉ ኃይላቸው አይልኩም። ሙቀት የሚያመነጭበት ስብም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ተመሳሳይ በሽታ ይዞት አንዱ 38 ዲግሪ ይገባል፣ ሌላው 35 ይወርዳል፣ ሦስተኛው ሙቀቱ ትክክል ሆኖ ሳንባው ግን ተይዟል። በብብት ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ ወዲያው ወደ ሕክምና ነው። በመሃል ከሆነ ግን «ደህና ነው» ማለት አይደለም። ይህን በደንብ ያዙልኝ።

ታዲያ ምን እንይ? መጀመሪያ ጡቱን። ጨቅላ ሲጠባ መሳብን፣ መዋጥንና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ አለበት። አየር ሲያጥረው መጀመሪያ የሚተወው መጥባቱን ነው። በደንብ ይጠባ የነበረ ልጅ ድንገት ከቀነሰ፣ ጡት ይዞ ሁለት ሦስቴ ስቦ ከለቀቀ፣ ለመጥባት ካልነቃ፣ «እንቅልፋም ሆነ» ብሎ ማለፍ አይገባም። እናንተ በ9ኛው ቀን ያያችሁት ይህ ነበር። አይታችሁም ክሊኒክ ሄዳችኋል። ለልጁ የሚጠቅመውን ነው ያደረጋችሁት፤ ሳትሰለቹ በማግስቱ ደግማችሁ መሄዳችሁ ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው።

ሁለተኛው ትንፋሽ መቁጠር ነው። ልብሱን ከደረቱና ከሆዱ ገለጥ አድርግ፤ ሳያለቅስና ሳይጠባ ይሁን። የስልክህን ሰዓት ይዘህ ሙሉ 1 ደቂቃ ሆዱ ስንቴ ከፍ እንደሚል ቁጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለጨቅላ አይሆንም፤ ትንፋሻቸው ወጥ ስላልሆነ ያሳስታል። ጤነኛ ጨቅላ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ሊቀጥል ይችላል፤ ይህ ብቻውን አያስፈራም። 60 እና ከዚያ በላይ ከቆጠርክ ትንሽ ቆይተህ ድገመው። አሁንም ካልወረደ ፈጣን ነው። 20 ሰከንድ ያህል ካቆመ፣ ወይም ባጭሩም ቢሆን አቁሞ መልኩ ከተለወጠ ግን ደግሞ መቁጠር የለም፤ ይዞ መሮጥ ነው።

ደረቱንም ተመልከት። የጨቅላ ጎድን ለስላሳ ስለሆነ ጥቂት መሰርጎድ ጤነኛው ላይም ይታያል። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ክፍል በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጥልቅ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ ግን አየር ለመሳብ እየታገለ ነው። አፍንጫው በየትንፋሹ ሰፋ ሰፋ ካለ፣ አየር ሲያስወጣ «እህ… እህ» እያለ ካቃሰተም እንደዚያው። ማቃሰቱ ብዙ ሰው ችላ የሚለው ነገር ነው፤ ሆዱን ቆርጦት ነው ይባላል። ልጁ ግን የሳንባው ከረጢቶች ጨርሰው እንዳይጨፈለቁ አየሩን በጉሮሮው እየገታ ነው። መልክን በተመለከተ እጅና እግር ሰማያዊ ማለቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያጋጥም ይችላል። ምላስና ከንፈር ሰማያዊ ወይም አመድማ ከሆነ ግን ኦክስጅን አንሶታል። የቆዳው ቀለም ጠቆር ያለ ልጅ ላይ ምላሱን ማየት ይሻላል።

ከየት ያዘው ላልከው፣ መንገዱ ሦስት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለመገመት የሚረዳን በስንተኛው ቀን መታመሙ ነው። አንዳንዱ ገና በማህፀን ሳለ በእናቱ ደም በኩል፣ በእንግዴ ልጅ አልፎ ይያዛል፤ ቂጥኝ አንዱ ምሳሌ ነው፣ በእርግዝና ክትትል ላይ ደም የሚመረመረው ለዚህም ጭምር ነው። ሌላው በምጥ ሰዓት ነው። የሽርት ውሃ ፈስሶ ከ18 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ወይም እናት በምጥ ላይ ከተኮሳት፣ በማህፀን በር አካባቢ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ልጁም የተበከለውን ውሃ ወደ ሳንባው ይስባል። ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ፣ ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲዬላ በዚህ መንገድ ይመጣሉ፤ ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ይወጣል። ውሃ ፈሶ ምጥ ካልመጣ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማንፈልገው ለዚህ ነው።

ያንተ ልጅ 8 ቀን ሙሉ ደህና ነበር። ስለዚህ ከተወለደ በኋላ ያገኘው መሆኑ ይበልጥ ያመዝናል። ከተወለደ በኋላ ሲሆን ምንጩ ሰው ነው፤ እጅ ነው፣ ትንፋሽ ነው፣ አንዳንዴም የሕክምና ዕቃ ነው። ስታፊሎኮከስ፣ ክሌብሲዬላ፣ ኢ ኮላይ፣ አንዳንዴም ትልልቆቹን የሚያሳምመው ኒሞኮከስ ይገኙበታል። በሀገራችን የጨቅላ ክፍሎች ውስጥ ክሌብሲዬላ በጣም ያስቸግረናል፤ ብዙ መድኃኒት ለምዷልና። ነርሶቹ እጅ ታጠቡ እያሉ የሚቆጡትም ስለዚህ ነው፤ አትቀየሟቸው።

ቫይረስም አለ። አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ ትልቅ ሰው ላይና 4 ዓመት ልጅ ላይ ተራ ጉንፋን ነው። የ9 ቀን ጨቅላ ላይ ግን ትናንሾቹን የአየር ቧንቧዎች ይዘጋል፤ አንዳንዴም የመጀመሪያው ምልክቱ ትንፋሽ ቆም ማለቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የእህቱ ጉንፋን አንዱ መንገድ ሊሆን ይችላል። እባክህ ልጅቷን ግን «ወንድምሽን አሳመምሽው» የሚላት ሰው እንዳይኖር። በአራስ ቤት ሳምንቱን ሙሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት የገባው ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ልጁን አቅፎ ስሞታል፤ ከማን እንደያዘው ማንም ሊያውቅ አይችልም።

አንድ ለየት ያለም ልጨምር፣ የሚያነቡ ሌሎች እናቶች ስላሉ። ልጁ ከ2ኛው ሳምንት በኋላ ዓይኑ መግል ይዞ ከሰነበተ፣ ከዚያም ሳይተኩስ ቆረጥ ቆረጥ የሚል ደረቅ ሳል ከጀመረው ክላሚዲያ መጠርጠር አለበት። በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፍ ነው፤ መድኃኒቱም የተለየ ነው፣ እናትና አባትም አብረው ይታከማሉ።

አሁን ወደ ሰውነቱ መከላከያ። «ለምን አልተከላከለም» አልክ። ተከላክሏል። ባይከላከል ኖሮ ሆስፒታል እስክትደርሱ እንኳ አይቆይም ነበር። ግን በእጁ ያለው መሣሪያ ጥቂት ነው።

ትልቁን መሣሪያ የሰጠችው እናቱ ናት። አይጂጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል፤ አብዛኛው የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ነው። ያንተ ልጅ ቀኑን ሞልቶ ስለተወለደ ከእናቱ ደም ጋር የሚተካከል አይጂጂ ይዞ ነው የመጣው። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ከዚህ ብዙው ሊቀርበት ይችላል፤ ለዚህ ነው ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱት ይበልጥ የሚታመሙት። ችግሩ እናት ራሷ ያላገኘችውን ጀርም የሚከላከል ነገር ልትሰጠው አለመቻሏ ነው። በተጨማሪም እንደ ኢ ኮላይና ክሌብሲዬላ ያሉትን በደንብ የሚመክተው አይጂኤም የሚባለው ሌላው ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ በእንግዴ ልጅ አያልፍም። ጨቅላዎች በእነዚህ ባክቴሪያዎች የሚጠቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀጥሎ ነጭ የደም ሕዋስ አለ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ከሁሉ ቀድመው ወደ ተበከለው ቦታ የሚደርሱ፣ ባክቴሪያውን የሚውጡ ናቸው። የጨቅላ ኒውትሮፊሎች ከደም ሥር ወጥተው ቦታው ለመድረስ ይዘገያሉ። ዋናው ጉዳይ ደግሞ መጠባበቂያቸው ነው። የአዋቂ መቅኒ ለክፉ ቀን ብዙ ኒውትሮፊል ያከማቻል፤ የጨቅላ ጎተራ ግን ትንሽ ነው፣ ኢንፌክሽኑ ከጠና በአንድ ሁለት ቀን ሊራቆት ይችላል። ስለዚህ የደም ምርመራው ላይ ነጭ የደም ሕዋስ «ዝቅተኛ» ተብሎ ቢመጣ ሐኪሙን የሚያሳስበው ከፍ ብሎ ከመጣው የበለጠ ነው። ባክቴሪያ ላይ ተለጥፈው ለሕዋሳቱ «ይህን ብላ» ብለው የሚጠቁሙት ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖችም ከአዋቂው ያነሱ ናቸው። ሳንባው ውስጥ የሚኖሩት ጀርም ጠራጊ ሕዋሳትም ከተወለደ በኋላ ነው ቁጥራቸው እየጨመረ የሚሄደው።

ይህ ሁሉ ጉድለት ብቻ እንዳይመስልህ። ልጁ ማህፀን ውስጥ ሲኖር ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የእናቱ ሆኖ ነው። የእሱ መከላከያ እናቱ ላይ ቢነሳ እርግዝናው አይዘልቅም ነበር። ስለዚህ ቁጣውን የሚያበርዱ ሕዋሳት በብዛት ይዞ ይወለዳል። ከተወለደ በኋላም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆዳውንና አንጀቱን ስፍር ቁጥር የሌለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ይሞላዋል፤ ሁሉንም ቢዋጋ በራሱ እብጠት ይጎዳ ነበር። ትዕግሥቱ ያስፈልገዋል። ዋጋው ግን መጥፎው ጀርም ሲመጣም ምላሹ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ሳሉም ትኩሳቱም የጠፉት በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው። ጀርሙም ሳንባው ውስጥ ታጥሮ ላይቀር ይችላል፤ ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ሽፋን ሊያልፍ ይችላል።

ከጀርባ የሚወሰደውን ውሃ ጉዳይ እዚህ ላይ ያዝልኝ፤ ከጻፍከው ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ጎንደር ውስጥ «ውሃው ከተወሰደ ልጁ ሽባ ይሆናል» የሚባለውን ስንት ጊዜ እንደምሰማ! ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ ትንሽ ልጅ ጀርባ ላይ መርፌ ማየት ለማንም ይከብዳል። ግን መርፌው የሚገባው የአከርካሪው ነርቭ ግንድ ካለቀበት በታች ነው። የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ ነው፣ ሰውነቱ በሰዓታት ውስጥ ይተካዋል። ምርመራው የሚነግረን ደግሞ በሌላ መንገድ የማናገኘውን ነው። ኢንፌክሽኑ አንጎል ሽፋን ከደረሰ የመድኃኒቱ መጠንም፣ ዓይነቱም፣ ቀኑም ይለወጣል። ለሳንባ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል፤ ማጅራት ገትር ካለ ግን 2 ሳምንት፣ እንደ ጀርሙ 3 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ሳናውቅ በ10 ቀን ብናቆምለት ያ ልጅ መስማት ሊያጣ፣ የሚጥል በሽታ ሊይዘው ይችላል። ሐኪሙ ዛሬም እንውሰድ ካሉ እሺ በሏቸው። ትንፋሹ እስኪረጋጋ እናቆየው ካሉም እሳቸው ያውቃሉ።

ሌሎቹን ምርመራዎች ባጭሩ ልንገርህ። ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ ኢንፌክሽን ከጀመረ በኋላ ለመነሳት ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ደህና ቢሆንም ይደገማል። ራጅም በመጀመሪያው ቀን ብዙ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ውጤት ሳይመጣ መድኃኒት ተጀመረ ብለህ አትገረም፤ በጨቅላ አንጠብቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ብዙዎቹን ጀርሞች ይሸፍናሉ። ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም የደም ካልቸሩ፣ ማለትም ከደሙ ጀርሙን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ፣ ሌላ ነገር ካሳየ ይቀየራል። ያኔ «መጀመሪያ የሰጡት ስህተት ነበር» አትበል፤ ሕክምናው እንዲህ ነው የሚሄደው።

እናንተ በዚህ መሃል የምትሠሩት ብዙ አለ። ልጁ መጥባት ካልቻለ ባለቤትህ በየ2 እና 3 ሰዓቱ ጡቷን እያለበች ወተቱን በቱቦ ይስጡት። ካልታለበ ይደርቃል። የጡት ወተቱ ውስጥ አይጂኤ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ የልጁን ጉሮሮና አንጀት ይሸፍናል፣ ልጁ ራሱ ገና በበቂ የማይሠራው ነው። ስለዚህ እያለቀሰችም ቢሆን የምታልበው ወተት መድኃኒት ነው በላት። ሐኪሙ ሲፈቅድ ደግሞ ያለ ልብስ ደረቷ ላይ ታቅፋው፣ በላዩ ይሸፈን፣ ኮፍያም ይኑረው። አንተም ብታቅፈው ያው ነው።

ወደ ቤት ስትመለሱ ለእናትህ በአክብሮት አንተ ራስህ ንገራቸው፤ ከሐኪም ይልቅ ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት ይቀበላሉ። ልጁ አፍ ውስጥ ቅቤ አይግባ። ጨቅላ በደንብ መዋጥ ስለማይችል ቅቤው ወደ ሳንባው ይገባል፣ ያም ራሱ ሌላ የሳንባ ምች ያመጣል። እሳትና ከሰል ልጁ ባለበት ክፍል አይጭስ፤ ጭስ የአየር ቧንቧውን ጠራጊ ፀጉሮች ያዳክማል። ጎንደር ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ግን በልብስና በእናት ገላ ይሁን። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በር ላይ መርቆ ይመለስ። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት በፍጹም፤ በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን የምናጣቸው ልጆች አሉ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ሆዴ ይባባል።

ከከተማ ራቅ ብላችሁ፣ ዳባት፣ ጭልጋ፣ ማክሰኝት ገጠሩ ላይ ሆናችሁ ለምታነቡም አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የጨቅላን ኢንፌክሽን እንዲለዩ፣ ሪፈር መሄድ ካልተቻለም ሕክምና እንዲጀምሩ ይሠለጥናሉ። መኪና እስኪገኝ ቤት አትጠብቁ፣ ጤና ኬላው ይቅደም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሀገሪቱ የጤና ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ልጆች 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ያርፋሉ። ኢንፌክሽን ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነው፤ ብዙው ደግሞ በጊዜ ከመጣ የሚድን ነው።

ክርስትናውን በተመለከተ፣ በደንብ እየጠባ፣ ክብደት እየጨመረ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ ከወጣ በ40 ቀኑ ማስነሳቱን የሚከለክል ነገር አይኖርም። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሕክምናው ከረዘመ መልሱ ሊለወጥ ይችላል። ጥምቀቱ ማለዳ ስለሚሆን ደረቅ ፎጣና የሞቀ ልብስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። እንደወጣ ወዲያው ራሱን አድርቃችሁ ኮፍያ አድርጉለት፤ ድግሱ ላይም ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። ከክርስትናው በኋላ በሳምንቱ ገደማ የ45 ቀን ክትባቱ አለ፤ ኒሞኮከስን የሚከላከለው ክትባት የሚጀመረው ያኔ ነው። ከጀርም ሁሉ አያድነውም፣ ከኒሞኮከስ ግን ይጠብቀዋል። ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ልጅ መርፌ ይብቃው ብላችሁ እንዳታሳልፉት። ትኩሳት ካለው ወይም ገና መድኃኒት ላይ ከሆነም ጤና ጣቢያ ውሰዱትና እነሱ ይወስኑ። የክትባት ካርዱን ከመውጫ ወረቀቱ ጋር አብራችሁ ያዙ።